ያልሰደባት ቀን

ያልሰደባት መሆኑን ልብ ያለችው፣ እሱ መንገዱን ተሻግሮ ከመድኃኒት ቤቱ ጥግ ከታጠፈ በኋላ ነው።

ልብስ ሰፊዋ ያን ጊዜ ከመስኮቷ ሥር ተንበርክካ የአንዲት ደንበኛዋን ቀሚስ ጠርዝ ታስተካክል ነበር። በከንፈሮቿ መሐል አራት አምስት ስፒል ነክሳለች። ጣሪያ ሠሪው እንደ ወትሮው መስታወቱን በጥፍሩ መታ መታ አደረገ። እሷም ቀና ሳትል ግራ እጇን አወዛወዘችለት።

«እንደምን አደሩ» አለ። «ቀሚሱ በጣም ያምራል። መልካም ቀን ይሁንልዎ።»

«እምም» አለች በተዘጋ አፏ። አንዱን ስፒል ሰካች። ሌላውን ሰካች። የሚቀጥለው ላይ ስትደርስ እጇ አየር ላይ ቀረ።

በየጠዋቱ የሚላት ይህን አልነበረም። በየጠዋቱ የሚላት፣ «አንቺ ጉጉት፣ ዛሬ ደግሞ ማን ይሞታል ስትዪ አደርሽ?» ነው። እሷ ደግሞ፣ «አንተ ግንዲላ፣ ጣሪያው ከቻለህ ማታ እንተያያለን» ትለዋለች። ከዚያ እሱ እየሳቀ ይሄዳል። እሷም ሳቋ ለሰው እንዳይታይ ጨርቁ ላይ ታጎነብሳለች። ቀኑ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ከማሽኑ በፊት፣ ከሻይም በፊት።

ስፒሎቹን መዳፏ ላይ ተፍታ ወደ በሩ ሮጠች። ማዶ አንዲት ሴት ደረጃዋን ታጥባለች። የዳቦ መኪና ሣጥን ያወርዳል። ያ ሰፊ ትከሻ የትም የለም።

«መልካም ቀን አለኝ» አለች ለራሷ። ጉልበቷ ላይ የተለጠፈውን ክር እንኳ ሳታራግፍ፣ ደጃፉ ላይ ደርቃ ቆመች።

*

እሷ ባደገችበት ቤት ስድብ ቀልድ አልነበረም። አባቷ ክፉ ቃል ካወጣ፣ ከቃሉ ኋላ የሚመጣውን ቤቱ ሁሉ ያውቀዋል። ወንበር ይገፋል፣ በር ይዘጋል፣ እናቷ በማግስቱ ሻሿን ግንባሯ ድረስ ዝቅ አድርጋ ታስራለች። ታላቅ ወንድሟ ያኔ ራሱ ልጅ ሆኖ፣ እሷን ከኋላው ሸሽጎ በር ላይ ይቆም ነበር። አድጎ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሹም ሆነ፤ ፀጉሩም ሸበተ። ያ ነገር ግን አልወጣለትም። እሱ ባለበት ማንም በማንም ላይ ክፉ ቃል አይናገርም። ለእህቱ ቀርቶ ምሳውን ለሚሰርቀው ድመት እንኳ ጨዋ ነው።

ስለዚህ ጣሪያ ሠሪው መጀመሪያ ጊዜ የተቀደደ የሥራ ሱሪውን ይዞ መጥቶ «ለነገ ይደርሳል?» ቢላት፣ እሷም «መብራት ካልጠፋ፣ ማሽኑ ካልተሰበረ፣ እኔም በሕይወት ካደርኩ» ብትለው፣ እሱም ስቆ «አንቺስ ጉጉት ነሽ» ባላት ጊዜ፣ ሱሪውን ወርውራ መስኮቱን ፊቱ ላይ ዘጋችበት።

በማግስቱ ያንኑ ሱሪ ይዞ መጣ። «በእኛ አገር» አላት በተዘጋው መስታወት ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «የማንወደውን ሰው አንሰድብም። ደግ ቃል ለባዕድና ለሬሳ ነው።»

አላመነችውም። ያመነችው ሱሪውን ሰፍታ ሥራ ቦታው ድረስ በወሰደች ጊዜ ነው። ከድንበር ማዶ አብረው የመጡ ስድስት ሰዎች ናቸው፤ የከተማውን አዲስ የገበያ አዳራሽ ጣሪያ ይመታሉ። አለቃቸውን «አሮጌ ቆርቆሮ» እያሉ ነው የሚጠሩት፤ እሱም «አቤት» ይላል። መሰላሉ ላይ እግሩን ከማንሣቱ በፊት እያንዳንዱ ከጓደኛው አንድ ስድብ ይቀበላል። ሳይሰደብ የሚወጣ የለም። «የተመረቀ ሰው ይወድቃል» ይላሉ። «የተሰደበ ሰው ግን መልሱን ሊሰጥ ሲል በደህና ይወርዳል።»

ቀስ በቀስ ለመደች። የመጀመሪያዋ «ግንዲላ» ከአፏ ስታመልጥ እጇን አፏ ላይ ጭናለች፤ እሱ ግን የወርቅ ቀለበት የተሰጠው ያህል ነበር ደስታው። ባሏ በሕመም ካለፈ፣ አንዲት ልጇን ይዛ ብቻዋን ከቀረች ወዲህ የሚያዝንላት እንጂ የሚቀልድባት ሰው አግኝታ አታውቅም። «አይዞሽ» ብቻ ስትሰማ የኖረች ሴት፣ ጉጉት መባል እንዲህ እንደሚያሞቅ ማን ነግሯት?

ባለፈው ሳምንት ሥራው ወደ ማለቁ ሲቃረብ መስኮቷ ላይ ተደግፎ ነገራት። «ጓደኞቼ ወደ ሌላ አገር ሥራ ይሄዳሉ። አትሂድ ካልሽኝ አልሄድም። ሂድ ካልሽኝም እሄዳለሁ። ዝም ካልሽኝ ግን አንቺ ጉጉት፣ መሐል መንገድ ላይ ቆሜ መኪና ይገጨኛል።»

«ወንድሜን ላማክረው» አለችው።

ወንድሟ ገና ስሙን ሳትጨርስ ፊቱ ጠቆረ። «ሰምቻለሁ። በጠራራ ፀሐይ ሰው ፊት ይሰድብሻል አሉ። አንቺም ትስቂያለሽ አሉ።» ከዚያ በኋላ ስለዚያ ሰው አንድም ቃል አልተነጋገሩም። እሷም ለሰውየው መልስ አልሰጠችም። ዛሬ ነገ ስትል ቀኑ አልቆ፣ የሠራተኞቹ መኪና የሚነሣው ነገ ጎህ ሲቀድ ሆነ።

እና አሁን ሰውየው አመስግኗት ሄደ። ወይ ተሰናብቷታል፤ ወይ ደግሞ ምርቃት በአፉ ይዞ፣ ከእሷም ስድብ ሳይቀበል፣ እዚያ ገደል የሚያህል ጣሪያ ላይ ወጥቷል። ከሁለቱ የቱን እንደምትፈራ አልለየችም። ሁለቱንም ፈራች።

*

ልጇ የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ናት፤ ምሳ ሰዓት ላይ ዳቦ እያኘከች ገባች። ቦርሳዋን ወንበር ላይ ጥላ የእናቷን ሥራ አነሣች፣ ገለበጠች።

«እማዬ፣ ይሄ እጅጌ ወደ ኋላ ነው።»

«የቱ?»

«ይሄ። ደንበኛሽ ክርኗን ገልብጣ ካልሄደች በቀር አትለብሰውም።»

ልብስ ሰፊዋ ተቀብላ አየችው። እውነት ነው። መቀሷን አንሥታ ስፌቱን መተርተር ጀመረች።

«ጣሪያ ሠሪው ዛሬ አመሰገነኝ» አለች ቀና ሳትል።

ልጅቷ የምታኝከውን አቆመች። «ምን አድርገሽው?»

«ምንም።»

«ምንም ሳታደርጊው ሰው ያመሰግናል?» አሰብ አደረገች። «ይልቅ እኔንም ትናንት ማታ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ "እንደምን አመሸሽ፣ ልጄ" አለኝ። ሁልጊዜ "አንቺ አይጥ፣ የማንን ደብተር በላሽ" ነበር የሚለኝ። የጠጣ መስሎኝ ነው ያልነገርኩሽ።»

«ትናንት ማታ? እስካሁን አፍሽን ይዘሽ?»

«ሰው ደህና ሰው ሆነ ብዬ ምን ብዬ ልክሰሰው?»

ውጭ ነፋሱ ተነሥቶ የሱቁን ሰሌዳ አንገጫገጨው። የማዶው ቤት ላይ አንድ የላላ ቆርቆሮ ይንኳኳል። ልብስ ሰፊዋ ድምፁን ጥቂት አዳመጠችና መቀሱን አስቀምጣ ነጠላ ጫማዋን ፈለገች።

«ደንበኛ ከመጣ ትመጣለች በይ።»

«የት ሄደች ልበል?»

«አላውቅም በይ። ይሄ ነፋስ እኮ ሰው ያወርዳል።»

«እማዬ፣ ደሞ ጀመርሽ» አለች ልጅቷ። እናቷን ቀና ብላ ስታያት ግን ቀልዱ አፏ ላይ ደረቀ። የእናቷ ፊት ሁልጊዜ ክፉ የሚጠብቅ ፊት ነው። ያን ቀን ግን ክፉው ደርሶ በር ላይ የቆመ ይመስል ነበር።

*

ሌላ ጊዜ ወደ ገበያ አዳራሹ ስትቃረብ ገና ከሩቁ ነው የሚጮሁባት። «ሽሹ፣ ሽሹ፣ ጉጉቷ መጣች። የማን ቀን ይሆን የደረሰው?» ይላሉ። አንዱ የሞተ መስሎ እንጨት ክምር ላይ ይጋደማል። አሮጌ ቆርቆሮ «አንቺ ሟርተኛ፣ መርፌሽን ደብቂ፣ ሠራተኞቼን ትቀድጂብኛለሽ» ብሎ ያባርራታል፤ እያባረራትም ሻይ ይቀዳላታል።

ዛሬ ማንም አልጮኸም።

ከእንጨቱ ክምር ላይ ተቀምጠው ነበር። ሲያይዋት አንድ በአንድ ተነሡ። አንዱ የራስ መከላከያውን አወለቀ። ሌላውም አየውና አወለቀ። ሁሉም አወለቁና ደረታቸው ላይ ይዘው በተርታ ቆሙ።

«እንደምን ዋሉ፣ ወይዘሮ» አለ አሮጌ ቆርቆሮ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

ቆጠረቻቸው። ያ አንዱ የለም።

መሰላሉ ግድግዳው ላይ ቆሟል። ነፋሱ የላስቲክ መሸፈኛውን ያርገበግበዋል። ከመሰላሉ ሥር የሆነ ነገር ፈስሶ አሸዋ ተበትኖበታል። አንድ እጇን ብሎኬት ላይ ጣለች።

«ይቀመጡ» አላት ከሠራተኞቹ አንዱ፣ ቀስ ብሎ፣ በለሰለሰ ድምፅ። «ውሃ እናምጣልዎ?»

ያ ልስላሴ ጨረሳት። እነዚህ ሰዎች አንዱ ጓደኛቸው ጣቱን በመዶሻ ሲቀጠቅጥ እንኳ «እሰይ፣ አንድ ጣት ቀነሰ» የሚሉ ናቸው። ውሃ እናምጣ የሚሉት መቼ ነው?

«ከየት ነው የወደቀው?» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት።

«ማን?»

«ንገሩኝ። አልጮህም። ከየት ነው የወደቀው?»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። አሮጌ ቆርቆሮ ቀና አለ። «ማንም አልወደቀም። ወይዘሮ፣ ምን ነካዎ? እሱ እኮ ፀጉሩን ሊስተካከል ነው የሄደ።»

«ፀጉሩን?»

«ጢሙንም።»

«ያ አሸዋ ምንድን ነው?»

«ቀለም ደፋን። ይሄ ዓይነ ስውር ነው የደፋው» ብሎ አንዱን በአውራ ጣቱ አሳየና ወዲያው ምላሱን ነከሰ። «ይቅርታ፣ ወይዘሮ።»

ብሎኬቱ ላይ ተቀመጠች። መሣቅ ነበረባት፤ አልመጣላትም። እንባዋ ግን ሳታዘው መጣ። አሮጌ ቆርቆሮ ግራ ገብቶት መከላከያውን በእጁ እያዞረ አጠገቧ ተንበረከከ። ሌሎቹ እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አስምሎን ነው። ከዛሬ ጀምሮ አንድ ክፉ ቃል ለሷ የተናገረ ጓደኛዬ አይደለም አለ። እኔ በበኩሌ ጉሮሮዬ ሊፈነዳ ነው።»

«ለምን?»

«ትናንት ወንድምሽ መጥቶ ነበር። ኮት ለብሶ፣ እዚህ ሲሚንቶ መሐል። ውረድ አለው፣ ወረደ። ምን እንዳለው አልሰማሁም፤ ነፋስ ነበር። ያየሁት የኛ ሰው ራሱን ሲነቀንቅ ነው። እሺ፣ እሺ፣ እሺ። ከዚያ ማታ ጓዙን አስሮ አስቀመጠ።»

«አሰረ?»

«ከአልጋው ሥር ነው ያለ። የማይሄድ ሰው ጓዙን ምን ያሳስረዋል?» ሽማግሌው ተነሣ፤ ጉልበቱ ተንቋቋ። «እኔ መኪናው ላይ ቦታ ይዤለታለሁ። ቦታው ባዶ ቢሄድ ግን አልከፋም። ይህን ነገረኝ እንዳትይው።»

ከዚያ በቀጥታ ወደ ወንድሟ መሥሪያ ቤት ሄደች። «ዛሬ ቀደም ብለው ወጥተዋል» አላት ዘበኛው። ቤቱ ሄደች፤ የለም። መንገድ ለመንገድ ስትመለስ ነገሩ በራሷ ውስጥ ተሰፍቶ አለቀ። ወንድሟ ሂድ ብሎታል። እሱም እሺ ብሏል። ጠዋት በመስኮቱ የሰማችው ስንብቱ ነበር፤ እሷ ደግሞ ስፒል ነክሳ «እምም» ብላ ሸኘችው። ከዚህ ሁሉ የበለጠ ያንገበገባት ይህ «እምም» ነው።

*

ሲመሽ ደጃፏ ስትደርስ የሱቁ መብራት በርቷል። ልጇ በሩን ከፍታ ከንፈሯን ነከሰችባት፤ «ተጠንቀቂ» ማለቷ ነው። ከውስጥ በደንበኞች መቀመጫ ላይ ወንድሟ ኮቱን ቆልፎ ተቀምጧል። ከእሱ ፊት ለፊት ጣሪያ ሠሪው አለ። ተላጭቷል። ከአገሩ ሲወጣ ለብሶት የመጣውን፣ አሁን ትከሻው ላይ የጠበበውን ጃኬት ለብሷል። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሐኪም እንደሚጠብቅ ሰው ቀጥ ብሏል። ስትገባ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ። ጃኬቱ ብብቱ ሥር ጭርር ብሎ ተተረተረ።

«እንደምን አመሹ» አላት።

«ጋሼ» አለች እሱን አልፋ ወደ ወንድሟ፣ «ምን አልከው?»

«ተቀመጪ።»

«ቆሜ እሰማለሁ። ምን አልከው?»

«ያልኩትን ይኸው ሊፈጽም መጥቷል» አለ ወንድሟ፣ ረጋ ብሎ። «አባርረዋለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። ግን ቃሌን ሳልጨርስ ተቀበለኝ። ሰው ነው። በዚህ ቤት፣ በልጅቷ ፊት፣ ክፉ ቃል አይወጣኝም ብሎ ምሎልኛል። እንግዲህ እኔም አልከለክልም። ከፈለግሽው ይኸውልሽ።»

ጆሮዋን አላመነችም። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሣት ነገር በአንድ አፍ ተፈታ። መሣቅ፣ መንበርከክ፣ የወንድሟን ጉልበት መሳም ነበረባት። ግን ጣሪያ ሠሪውን አየችው። የተላጨ ጉንጩ ላይ ላብ ወርዷል። ሲለማመደው የዋለውን ሊናገር ነው።

«ወይዘሮ፣ እስከ ዛሬ በአፌ አስቀይሜዎት ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከእንግዲህ…»

«ተው» አለች።

«ከእንግዲህ በአክብሮት…»

«ተው አልኩህ። እንዲህ አትናገረኝ። ጠዋት ትተኸኝ የሄድክ መስሎኝ ነው የዋልኩት። ከሰዓት ደግሞ ሞተህ ነበር። እነዚያ ጓደኞችህ ተሰልፈው ሲያዝኑልኝ፣ የት እንደወደቅህ ጠየቅኳቸው።»

«እኔ ነኝ የሞትኩት?»

«ደግ ቃል ለባዕድና ለሬሳ ነው ያልከኝ አንተ አይደለህ? ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ?»

«እኔ እኮ ያንቺን ቤት አነጋገር መናገሬ ነበር።»

«እኔም ያንተን ነበር የምሰማው።»

«ጓዝህንስ ለምን አሰርክ?» አለች ደግሞ፣ መልሱን እየፈራች።

«ለመሄድም፣ እዚህ ሰፈር ቤት ለመከራየትም መታሰር አለበት» አለ። «የቱ እንደሆነ አንቺ ነሽ ያልነገርሽኝ።»

ወንድሟ ከአንዱ ወደ ሌላው ተመለከተ። «ቆይ፣ ቆይ። አሁን የምትዪኝ ምንድን ነው? ይስደበኝ ነው? ይህች ልጅ እየሰማች? ነገ እሷንም አንዱ መጥቶ ሲሰድባት ፍቅር ነው ብላ እንድትስቅ?»

እውነቱን ነው። እሷም ሌሊት ሌሊት ያንኑ ስታስብ ነው የከረመችው። ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ግን ልጅቷ ሳትጠራ ወጣች።

«ጋሼ» አለች፣ «እማዬ ስትስቅ የሰማሁት እሱ ሲሰድባት ብቻ ነው።»

ወንድሟ መነጽሩን አውልቆ በመሐረቡ ጠረገው፤ አልቆሸሸም ነበር። ልብስ ሰፊዋ አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ እንግዳ ሲመጣ አባባ እናታችንን ምን ብሎ ነበር የሚጠራት?»

«ምን ያነሣዋል ይሄን አሁን።»

«ምን ብሎ ነበር?»

«የቤቴ ምሰሶ» አለ።

«እንግዳው ሲወጣስ?»

ጉልበቱ ላይ ያለው እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እሱም አየው፣ ሊደብቀውም አልሞከረም።

«ይኸው» አለ። «ይሄን ያህል ዓመት ሆኖኝ፣ ወንድ ልጅ ሴትን ክፉ ሲናገር ስሰማ ይኸው። በር ላይ ቆሜ ነበር፤ አንቺ ከኋላዬ ነበርሽ። እኔ ግን ሁሉንም አይቻለሁ። ታዲያ ይሄኛው ከዚያኛው መለየቱን እኔ በምን ልወቅ? ጆሮዬ አይለየውም። እንዴት ልመነው?»

ይህን የጠየቀው እህቱን ነበር። የመለሰው ግን ጣሪያ ሠሪው ነው፤ ድምፁም እንደ ጠዋቱ የተጠና አልነበረም።

«የተሳዳቢውን አፍ አትይ። የተሰዳቢውን አፍ እይ» አለው። «በእኛ አገር ስድብ ተመላሽ ነው። ብሰድባት መልሳ ካልሰደበችኝ፣ ያኔ በድያታለሁ ማለት ነው፤ ጓደኞቼ ራሳቸው ይጥሉኛል። መልስ የሌለው ስድብ ዱላ ነው። ይሄን ሕፃንም ያውቀዋል።»

ወንድሟ ወደ እህቱ ዞረ።

«እናታችን መልሳ አታውቅም» አለ።

«አታውቅም» አለች እህቱ።

«አንቺስ? ትመልሺለታለሽ?»

«እጥፍ አድርጌ።»

«የጣሪያ ድመት ብላኛለች» አለ ጣሪያ ሠሪው። «ሰው ፊት። ዳቦ ልገዛ ተሰልፌ።»

የወንድሟ ከንፈር ጠርዝ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። እሷም አየችው። አሁን ካላለችው መቼም አትለውም።

«ጋሼ፣ ስደበኝ።»

«ምን?»

«አንድ ጊዜ። በሕይወትህ ሰድበኸኝ አታውቅም። እኔም እመልስልሃለሁ።»

«አብደሻል።»

«እሱ ራሱ ጥሩ ጅምር ነው» አለ ጣሪያ ሠሪው።

ወንድሟ ጉሮሮውን ጠረገ። ኮቱን አስተካከለ፤ ዳኛ ፊት የሚቆም ይመስል ነበር። «አንቺ…» አለና ቆመ። ግንባሩ ላይ ሥሩ ተገተረ። «አንቺ… አንቺ ደረቅ።» ቃሉ ሲወጣ ድምፁ ተሰበረ። አንዳች ነገር እንደሚወድቅ፣ በር እንደሚዘጋ፣ ሰው እንደሚጮህ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኖ ጠበቀ።

ምንም አልወደቀም። እህቱ የሚንቀጠቀጠውን እጁን በሁለት እጆቿ ያዘችው።

«አንተ አሮጌ ማኅተም» አለችው።

ልጅቷ ፈንድታ ሳቀች። ወንድሟ ዓይኑን ገለጠ። መጀመሪያ የሰማው ያልገባው መሰለ። ከዚያ ትከሻው መነቃነቅ ጀመረ፤ መሣቁ ይሁን ማልቀሱ ሳይለይ መዳፉን ዓይኑ ላይ ጭኖ እንዲያ ሲነቃነቅ ቆየ። እሷም እጁን አልለቀቀችም። እጁ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ፣ ጸጥ አለ።

«አሮጌ ማኅተም» አለ እንባውን እየጠረገ። «መሥሪያ ቤት እንዳይሰሙ።»

ያኔ ነው ወደ ጣሪያ ሠሪው የዞረችው። ቆሞ ነበር። አልሳቀም። ሌላው ሁሉ ሲስቅ እሱ ብቻ እሷን ያይ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ መስኮቱ ላይ ሲተውላት የከረመውን ያንኑ ጥያቄ አሁንም ዓይኑ ውስጥ አየችው።

«መኪናው ጎህ ሲቀድ ይነሣል» አላት።

«ይነሣ።»

«አሮጌ ቆርቆሮ ቦታ ይዞልኛል።»

«እግሩን ዘርግቶ ይተኛበት» አለች። ድምፅዋ ሊከዳት ሲል ፊቷን አኮሳተረች። «ጃኬትህን አውልቅ። ስትነሣ ብብቱን ቀደድከው። ግንዲላ ልብስ ሲለብስ እንዲህ ነው።»

ሰውየው አንዴ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ተላጭቶ በተራቆተው ፊቱ ላይ ሳቁ ከጉንጭ እስከ ጉንጭ ሲመጣ አየች። ወደ ወንድሟ ዞር አለ፤ ፈቃድ መጠየቁ ነው። ወንድሟ መነጽሩን እያደረገ፣ «ትመልስላታለህ ወይስ ዝም ብለህ ትቆማለህ?» አለው።

«አንቺ ጉጉት» አለ ጣሪያ ሠሪው ቀስ ብሎ። «አሁንስ ማን ይሞታል?»

«ዛሬ ማንም» አለች።

ጃኬቱን አውልቆ ሰጣት። ሙቀቱ ገና አልወጣለትም ነበር። ክርና መርፌ አጠገቧ አለ፤ ሥራው የአፍታ ነው። እሷ ግን አጣጥፋ ማሽኑ ላይ አስቀመጠችው።

«ነገ ና ውሰደው።»

«ውጭ ይበርዳል እኮ።»

«ይብረድህ። ነገ ና ውሰደው።»

ቃል ብቻውን እንደማትተማመንበት ገባው። ክርክሩን ተወ። «እሺ» አለ። «ለእነዚያ ዝንጀሮዎች ነግሬያቸው እመጣለሁ። ጠዋት።»

ወንድሟም ተነሣ። «እስከ ማዕዘኑ አብረን እንሂድ» አለው፤ ከዚያ ትንሽ አመነታና «አንተ…» ብሎ ቃል ፈለገ። አጣ። «ለነገ ይቆየኝ» አለ።

«ተዘጋጅቼ እጠብቃለሁ።»

ሁለቱ ወጡ። አንዱ በኮት፣ አንዱ በሸሚዝ። ልብስ ሰፊዋ ደጃፉ ላይ ቆማ አየቻቸው። ነፋሱ ጋብ ብሏል። በመብራቱ ሥር ሲያልፉ ወንድሟ እጁን እያወራጨ የሆነ ነገር ያስረዳል፤ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል። ጥግ ላይ ሲደርሱ ጣሪያ ሠሪው ዞሮ አያት። ከዚያ ታጠፈ።

ሌሊቱን ጓደኞቹ ሊያግባቡት ይችላሉ። አሮጌ ቆርቆሮ ቢያለቅስበት፣ ሰውየው ሆደ ቡቡ ነው። ደግሞ በዚያ ሸሚዝ ብርድ ሳንባውን ቢመታውስ? ነገ ጠዋት መስኮቱ ዝም ቢልስ? ይህን ሁሉ አሰበችው፤ አንዱንም አላስቀረችም። ግን እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ስታዳምጠው፣ ልቧ እያንዳንዱን ክፉ ሐሳብ እየሰማ እንኳ በዝግታ፣ በዝግታ ይመታ ነበር።

«እማዬ፣ ብርድ ገባ እኮ» አለች ልጇ ከጓዳ። «ዝጊውና ነይ።»

«መጣሁ፣ አንቺ አይጥ» አለች።

በሩን ገፍታ ገጠመችው። ቁልፉን አዞረች፤ ጠቅ አለ። ግንባሯን ሳንቃው ላይ አስደግፋ ለጥቂት ጊዜ እንዲያው ቆመች።